የወፍጮ ቤቷ አንባቢ

እጅጉ ንፍሮውን በሁለት እጇ ተቀበለች። «ነፍስ ይማር» አለች፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ አመሰገነች። ከዚያ እጇን በነጠላዋ ሥር አሾልካ አግዳሚው ሥር አፈሰሰችው።

ስመኘው አያት። ሐዘንተኛ ሰው ዓይኑ ከመሬት አይነሳም፤ መሬት ላይ የሚወድቀውን እሱ ካላየው ማን ሊያየው ነው? ዓይኑን ወደሚቀጥለው አግዳሚ ገፋ አደረገ። እዚያም ሥር ስንዴና ባቄላ ተበትኗል። ከዚያ ወዲያ ባለውም እንደዚያው ነው። ድንኳን ሙሉ ሰው ንፍሮ ዘግኗል፤ የቀመሰ ግን የለም።

«ምነው እጅጉ፣ ጨው አነሰው?» አላት።

«ኧረ ምንም አላለው። ጾም ይዤ ነው እንጂ።»

ጀንበር ወደ ማዘቅዘቂያዋ ዞራለች፤ ቀኑም ሰኞ ነው። ንፍሮ የማያስቀምስ የሰኞ ማታ ጾም አባ ወልደ ገብርኤል ራሳቸው ቢጠየቁ አያውቁትም። ጠላት እንኳ ለጠላቱ ለቅሶ ደርሶ፣ ንፍሮ ዘግኖ፣ ጥርሱን ነክሶም ቢሆን በልቶ ይሄዳል። እነዚህ ልጅ ሲወለድ ገንፎ አብረው የበሉ፣ አንድ ወፍጮ ሲያስፈጩ የኖሩ ጎረቤቶች ምን ነካቸው?

ሚስቱ አይናለም የተቀበረችው ትናንት ነው። ድንኳኑ የተተከለው ከወፍጮ ቤታቸው ደጅ፣ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ወደ ጅጋ በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው። ጋሪዎች እዚያ ሲደርሱ ፈረሱን ለዘብ ያደርጉታል፤ ባለጋሪው ባርኔጣውን አውልቆ ያልፋል። ወፍጮው ቆሟል። የቆመውም በሐዘን አይደለም፤ ዓርብ ማታ ድንጋዩን ከሞተሩ ጋር የሚያዞረው ቺንጋ ተበጥሶ ነው። ስመኘው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አዲስ ቺንጋ ሊገዛ ቡሬ ወረደ፤ ከሰዓት በኋላ መንገድ ተዘጋ፤ እዚያው አደረ። እሑድ ጠዋት ቺንጋውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ሲመለስ ደጁ ላይ ሰው ተሰብስቦ ጠበቀው። «ሌሊት ድንገት ተነሣባት። ሐኪም ቤት ወስደናት ነበር፣ አልሆነም» አሉት። ድንገት ከሆነ ምን ይደረጋል፤ የእግዜር ሥራ ነው ብሎ ቀበራት።

ለዓይን ያዝ ሲያደርግ እጁን ሊታጠብ ወጣ። ከድንኳኑ ጀርባ ሴቶች ሳህን ያጥባሉ።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» ይላል የእጅጉ ድምፅ፤ «እኔ በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት። ወፍጮው ሲጮህ ጠብቃ ነው። ሚዛኑ አጠገብ ትቀመጣለች፣ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ትዘረጋለች፣ ከንፈሯን ታነቃንቃለች። ድምፅ ግን የላትም። ያንን ስልክ ደግሞ አፏ ሥር ይዛዋለች። እህላችን ላይ ነበር እኮ የምትደግመው።»

«በስመ አብ። ለዚህ ነዋ ቺንጋው የተበጠሰው።»

«በሰባት ቀን ነበር አሉ የሚሞላላት። ሳትሞላው ነው የገለበጣት።»

ስመኘው መጀመሪያ ሊስቅ ምንም አልቀረው። ከዚያ ንፍሮው ትዝ አለውና ደሙ ፈላ። ለካስ ያልበሉት ከአይናለም እጅ ያለፈ እህል ፈርተው ነው። በዚህ አገር ሰባት ቀን ቆጥሮ ከንፈሩን እያነቃነቀ የሚያነብ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ሱባኤ የገባ ነው፣ ወይ አስማት የሚደግም። ሱባኤ የገባ ሰው ወፍጮ ቤት ቁጭ ብሎ ጆንያ አይመዝንም። እንግዲህ አይናለም ምን ልትሆን ነው? ሒሳቡን አውጥተው ጨርሰዋል።

እውነቱ ግን ይኸውና። ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ ይርሳው የሚባል መጽሐፍ አከራይ ልጅ አለ። በቴሌግራም ቡድን ከፍቶ «የሰባት ቀን የንባብ ማራቶን» ብሎ አወጀ። የገባ ሰው በየቀኑ ያነባል፤ ካነበበው ላይ ጥቂት ድምፁን ከፍ አድርጎ በስልኩ ቀርጾ ለቡድኑ ይልካል። አንድ ቀን ያጓደለ ወጣ ማለት ነው። ድግምት ያሉት ይኸው ነው።

«ሽልማቱ ምንድን ነው?» ብሏት ነበር ስመኘው ያን ሰሞን፣ ራት ላይ።

«ምንም።»

«ምንም ከሌለው ምን አቃጠለሽ ታዲያ?»

አይናለም እንጀራውን እየቆረሰች ሳቀች። «እኔ እኮ ጀምሬ የጨረስኩት ነገር የለኝም። ስምንተኛን ሳልጨርስ አንተ አገባኸኝ። ጥልፍ ጀመርኩ፣ ልጅ መጣች። የልብስ ስፌት ጀመርኩ፣ ወፍጮ ገዛህ። እስቲ አንድ ነገር፣ ሰባት ቀን ብቻ፣ ማንም ሳያቋርጠኝ ልጨርስ።»

«ወፍጮ ቤት ደግሞ ምን ሊሰማ ነው የምትቀርጪው? ቤት ገብተሽ አታነቢም?»

«ቤት ውስጥ ሰው ይሰማኛላ። እኔ እየተንተባተብኩ ነው የማነበው። ወፍጮው ሲጮህ ግን እንደ ልቤ እጮሃለሁ።»

ቡድኑ ውስጥ ይርሳው ይቀልድባት ነበር። «አይናለም፣ እኛ እኮ የምንሰማው ወፍጮሽን ነው» እያለ ይጽፍላታል። ግን ቀን አላጓደለችምና ያልፍላታል። ስመኘውም ከልቡ ይኮራባት ነበር። ራሱ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቡሬ በወረደ ቁጥር መጽሐፍ ሲገዛላት «ወፍራሙን ስጠኝ» ይላል እንጂ ርዕሱን አይመርጥም። እሷ ደግሞ ዝም ብላ የምታነብ ሴት አልነበረችም። እመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሰዎች ጋር ትጣላለች። «አንተ ሞኝ፣ አታምነው፣ ይክድሃል» ብላ ብድግ ትላለች። ስመኘው ሊያናድዳት ሲፈልግ ሁልጊዜ ከከዳተኛው ጎን ይቆማል። «እሱም እኮ ቸግሮት ነው» ይላታል። ትወረውርበታለች፤ ትራስ ከሆነ ትራስ፣ ሽንኩርት ከሆነ ሽንኩርት።

ይህችን ሴት ነው ደጋሚ ያሏት።

በሰልስቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ልጃቸው ህይወት ጓዳ ገብታ አገኛት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እናቷን ካጣች ወዲህ ከሰው ጋር መነጋገር ትታለች። የእናቷን ሻሽ ታጥፋለች፣ መልሳ ትፈታዋለች።

«አባዬ፣» አለችው ቀና ሳትል፤ «ለምንድን ነው ሌሊት ነው ያመማት የሚሉት?»

«ሌሊት አይደል እንዴ?»

«ቅዳሜ ጠዋት ነው። አንተ እንደሄድክ። ሆዴን ብላ ተኛች፣ ከዚያ አስመለሳት፣ ከዚያ መነሣት አቃታት። እትዬ እጅጉን ጠራኋት። ከደጅ ቆማ አየቻትና እግሬን አላስገባም አለች። ሄዳ አያ ገነነን ጠራቻቸው።»

ስመኘው መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እሳቸው መጡና ትራሷ ሥር መጽሐፉን አዩት። ይኸን ሐኪም አያውቀውም አሉ። ፈረስ ቤት ሰው ላኩ፣ አዋቂ እንዲመጣ። ባጃጅ ልጥራ ብላቸው ቁጭ በይ አሉኝ። ላንተ ብደውል ስልኩ አይሠራም። እማዬ ‹ሐኪም ቤት ውሰዱኝ› ትል ነበር። እሷ አይደለችም፣ የያዛት ነው የሚናገረው አሉ።»

«አዋቂው መጣ?»

«አልመጣም። ሲመሽ አያ ገነነ ሊጸልዩ ወጣ ሲሉ እኔ አስፋልት ሮጥኩና ጋሪ አስቆምኩ። ባለጋሪው ነው ተሸክሞ ያወጣት። ሐኪሙ ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ሆዷ ውስጥ ፈስሷል አለ። ጠዋት ብታመጧት አለ።»

ጠዋት ብታመጧት። ሆስፒታሉ እኮ ባሕር ማዶ አይደለም፤ ባጃጅ ተሳፍሮ የሚሄድ ሰው ሁለት ጭብጦ ዳቦ በልቶ ሳይጨርስ ይደርሳል። ፈረስ ቤት ደግሞ ደጋ ላይ ነው፤ አገር አቋርጦ ነው የሚኬደው። አጠገባቸው ያለውን ሐኪም ትተው ሰማይ ጥግ ያለውን አዋቂ ሲጠብቁ ዋሉ። በደጃቸው ባጃጁ ሽው ሽው ሲል ዋለ። ሴትዮዋ በገዛ አፏ ሐኪም ቤት ስትል አፏም የሷ አይደለም አሏት። ስመኘው የልጁን ጭንቅላት ወደ ደረቱ አስጠጋ። ማልቀስ ፈልጎ ነበር፤ ቁጣው መንገድ ዘጋበት።

አያ ገነነ የአይናለም የአባቷ ወንድም ናቸው። አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ በእጃቸው አድጋለች፤ የድሯትም እሳቸው ናቸው። የእድሩ ዳኛ ስለሆኑ ድንኳኑ ውስጥ ከላይ ይቀመጣሉ። ለቅሶ ደራሽ ሲመጣ ከስመኘው በፊት እሳቸውን ይሳለማል፤ እሳቸውም «እራሷ ሥር ቁጭ ብዬ ዋልኩ፣ ያልሆንኩት የለም» ይላሉ። ሰውም «አይ አያ ገነነ» ብሎ ከንፈሩን ይመጣል። ስመኘው ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን በሰማ ቁጥር ጣቶቹን ጨብጦ ይይዛል።

ሐሙስ ዕለት ይርሳው መጣ። ብቻውን አልመጣም። አስተማሪ አለ፣ ነርስ አለች፣ የባንክ ቤት ጥበቃ አለ፣ ተማሪዎችም አሉ፤ ድንኳኑ በር ላይ ተሰልፈው እጅ ነሥተው ገቡ። ስመኘው ሲያያቸው ደስ አለው። እንግዲህ ነገሩን ከባለቤቶቹ አፍ ይሰሙታል ብሎ አሰበ።

ይርሳው ቆሞ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እኛ የአይናለም የንባብ ጓደኞች ነን» አለ። «አምስት ቀን አንድም ሳታጓድል አንብባለች። ብርቱ ነበረች። የቀሯትን ቅዳሜንና እሑድን እኛ ተከፋፍለን አነበብንላት። ሰባቱ ቀን ሞልቶላታል።»

ድንኳኑ ውስጥ አንድ ቅዝቃዜ ገባ። አንዲት ሴት አማተበች። አያ ገነነ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ጎንበስ አሉ።

«ለመሆኑ ስንት ናችሁ፣ ልጄ?»

«ከመቶ በላይ ነን፣ አባባ» አለ ይርሳው በኩራት።

«ሁላችሁም ሰባት ሰባት ቀን?»

«ሁላችንም።»

«አትተያዩም?»

«በስልክ ነው የምንገናኘው። እያንዳንዱ ባለበት ሆኖ ድምፁን ይልካል።»

አያ ገነነ ቀና ብለው ሰዉን አዩት። «እንግዲህ ማኅበር አላቸው ማለት ነው» አሉ ዝግ ብለው።

ስመኘው ብድግ አለ። «ልብ ወለድ ነው የሚያነቡት። ተረት ነው። እኔ ራሴ ነኝ ከቡሬ የምገዛላት፣ እንደናንተው ገበያ ላይ። ምን ሆናችኋል?» አለ። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁለት። «እሺ፣ እሺ፣ አይዞህ» አሉት። «ባሏ አይደለህ፣ ምን ልትል ኖሯል» አለ አንዱ ለጎረቤቱ፣ ስመኘው እንዲሰማው አድርጎ። ይርሳውና ጓደኞቹ ንፍሮ ቀረበላቸው። እነሱ ብቻ በሉ። ያም ተቆጠረባቸው፤ ምን አለባቸው፣ የራሳቸው ነው ተባለ።

በማግስቱ አያ ገነነ ስመኘውን ከድንኳኑ ጠርተው አወጡት። ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር ቆሙ።

«ነገ ሰባቷ ነው» አሉ። «ድንኳኑ ሳይፈርስ ያንን መጽሐፍ ሁሉ አውጥተን እናቃጥለዋለን። እድሩም መክሮበታል።»

«የማንን መጽሐፍ፣ አያ ገነነ?»

«የሚያውቁትን አይጠይቁም። እኔ የማስበው ለልጅቱ ነው። አሁንም ትገልጣለች ይሉኛል። ነገ በሷ ላይ ቢዞርስ? ደጋሚ የወለዳት ተብላ ማን ሊያገባት ነው? ሰዉም ወፍጮህን ፈርቷል። ይኸ ነገር ተቃጥሎ ሰው በዓይኑ ካየ እህሉን ይዞ ይመለሳል። ካላየ ግን…» ጨረፍ አድርገው ተዉት።

«ያመማት ቅዳሜ ጠዋት ነው አሉኝ» አለ ስመኘው።

አያ ገነነ ዓይናቸውን ወደ አስፋልቱ መለሱ። «ማን አለህ?»

«እሷ ሐኪም ቤት ስትል እርስዎ የያዛት ነው የሚናገረው አሉ አሉኝ።»

«አንተስ የት ነበርህ?» ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ሚስትህ ስትጨነቅ አንተ ቡሬ ላይ ቺንጋ ትመርጥ ነበር። እኔ ነኝ የዋልኩት። ያሳደግኋት ልጅ ናት፤ አንተ ከኔ በላይ ልታዝንላት ነው?»

እውነት ነው፣ ስመኘው እዚህ አልነበረም። እሳቸው ዘወር ብለው ወደ ድንኳኑ ሲመለሱ ግን ነገሩ ገባው። አህያ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ያለችው ወዳ አይደለም። መጽሐፎቹ ካልተቃጠሉ አይናለምን የገደለው ማን ሊባል ነው? አንድ ሰው ጥፋተኛ መሆን አለበት። ከአያ ገነነና ከእጅጉ፣ ዝም ብሎ ከደጅ ቆሞ ካየው ሰው ሁሉ ይልቅ ወረቀት ቢሆን ይሻላል፤ ወረቀት አፍ የለውም። ነገ እሳቱ ዙሪያ ቆመው ሲያዩት ሁሉም ነጻ ይወጣል። አይናለም ብቻ ደጋሚ ሆና ትቀራለች፤ ህይወትም የደጋሚዋ ልጅ። ይህ እንዲሆን ከፈቀደ ሚስቱን ሁለተኛ የሚቀብራት እሱ ራሱ ነው።

ቅዳሜ ጸሎተ ፍትሐቱ ተደርሶ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰ። የሰባቷ ዳቦ ቀረበ፤ እሱን ግን ሁሉም በላ። ዱቄቱን እድሩ ከሌላ ወፍጮ አስፈጭቶ ነበር ያስመጣው። ስመኘው ይህንንም አየ። በገዛ ደጁ፣ ከገዛ ወፍጮው አጠገብ፣ የሌላ ወፍጮ ዳቦ ለሚስቱ ነፍስ ተቆረሰ። አንድ ቁራሽ አነሣና አስቀመጠው።

ከዚያ መጽሐፎቹን በካርቶን አወጧቸው። ብዙም አይደሉም። ከድንኳኑ ፊት መሬት ላይ ሲቀመጡ ሰው ክብ ሠርቶ ቆመ፤ እጅጉም ከሴቶቹ ፊት አለች። ህይወት ከወፍጮ ቤቱ በር ተለጥፋ ታያለች።

«አባ፣» አሉ አያ ገነነ ወደ አባ ወልደ ገብርኤል ዞረው፤ «እርስዎስ ምን ይላሉ?»

አባ ወልደ ገብርኤል የአይናለም የነፍስ አባት ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እድሩን ማስቀየም ግን አይወዱም። ካርቶኑን አዩት፣ ስመኘውን አዩት፣ ከዚያ መስቀላቸውን አገላበጡ። «እንግዲህ… ለሰዉ ልብ ማረፊያ ከሆነ፣ ቢቃጠልም የሚጎዳ ነገር የለውም» አሉ።

«ተሰማ» አሉ አያ ገነነ። «ስመኘው፣ ግባና ከወፍጮ ቤትህ ትንሽ ናፍጣ ቅዳ።»

ናፍጣውንም ከሱ። የሚስቱን መጽሐፍ የሚያቃጥሉበትን ናፍጣ ከሚስቱ ወፍጮ፣ በባሏ እጅ ሊያስቀዱ ነው። ስመኘው አንድ ጊዜ አያቸው። ከዚያ ወደ ካርቶኑ ሄዶ ከላይ ያለውን መጽሐፍ፣ የመጨረሻ ጊዜ የገዛላትን ወፍራሙን፣ አነሣና ብብቱ ሥር ያዘው። ማንም አልከለከለውም። ናፍጣ ውስጥ ሊነክረው መሰላቸው።

ወፍጮ ቤቱ ገባ። ጀሪካኑን አነሣ፤ ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ ቀዳ። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰ፣ ደገመ፣ ከዚያ ጮኸ። ቺንጋ ስላልገባለት ድንጋዩ አልዞረም፤ ጩኸቱ ግን ቤቱን ሞላው፣ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው።

ሰው ደንግጦ በሩ ላይ ተጋፋ። ለቅሶ ቤት ሞተር ይነሣል እንዴ? ስመኘው ሚዛኑ አጠገብ፣ አይናለም ትቀመጥበት በነበረው ዱካ ላይ ቁጭ ብሏል። መጽሐፉን ጭኑ ላይ ዘረጋ። የሚያነበውን ገጽ ለማግኘት አልተቸገረም፤ እሷ ጠርዙን አጥፋዋለች፣ ዓርብ ዕለት የቆመችበትን ቃልም በእርሳስ ከሥሩ አስምራበታለች። ከገጹ አናት ጀመረ። ባለ በሌለ ድምፁ አነበበ። የአንገቱ ሥር ተገታተረ፤ ምን እንዳለ ግን የሰማ የለም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ያም ብቻ ነው የሚታየው። አንዳንዱ ወደ ኋላ ሸሸ። እጅጉ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

አያ ገነነ ሰዉን በከዘራቸው ገፍተው ገቡ። ፊቱ ቆመው ጮኹበት። የሳቸውም ቃል አልተሰማም። ጢማቸው ይወዛወዛል፣ አፋቸው ይከፈታል ይዘጋል፣ ድምፅ የለም። ሰው አንዴ የስመኘውን፣ አንዴ የሳቸውን አፍ አየ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ስመኘው በአገጩ ለህይወት ምልክት ሰጣት። ልጅቱ የወፍጮ ቤት ልጅ ናት፤ ዘልቃ ሞተሩን አጠፋችው።

«…አብዷል፣ ያዙልኝ፣ እሱንም ለክፎታል…» የአያ ገነነ ጩኸት ጸጥታው ውስጥ ብቻውን ቀረ። ራሳቸውም ደንግጠው የቀረውን ዋጡት።

የስመኘው ድምፅ ግን አላቋረጠም። እንደ ሕፃን ፊደል በፊደል፣ ጣቱን ከመስመሩ ሥር እየጎተተ ቀጠለ።

«…ሰውዬውም የጠፋችውን በቅሎውን ሲፈልግ ውሎ ከአንዲት ባልቴት ደጅ ደረሰ። እማማ፣ ቡላ በቅሎ አላዩም? አላቸው። ባልቴቷም፣ ልጄ የጠፋች በቅሎስ አላየሁም፤ አንዲት ቡላ በቅሎ ግን ዛሬ ጠዋት የጠፋ ሰው ስትፈልግ በዚህ አልፋለች አሉት። ሰውዬው ተናደደ። በቅሎ ሰው ትፈልጋለች እንዴ? አላቸው። እሳቸውም፣ ከመጥፋቷ በፊት ጭድ አብልተሃት ከሆነ እሷ ናት፤ ካላበላሃት ሌላ ናት አሉት…»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው አፉን ያዘ። ስመኘው የእርሳሱ ምልክት ጋ ሲደርስ አቆመ።

«ይኸው ነው?» አሉ አባ ወልደ ገብርኤል ከበሩ።

«ይኸው ነው፣ አባ። ወፍጮው ሲጮህ የምትለው ይኸው ነበር።» ስመኘው ቀና አለ። «ሰው ቢሰማኝ አፍራለሁ ብላ ነው እዚህ የተቀመጠችው። ይህን ስላለች ነው ደጋሚ ያላችኋት። ይህን ስላለች ነው ከጠዋት እስከ ማታ ስታቃስት ቆማችሁ ያያችኋት። ባጃጁ በደጃችሁ ያልፍ ነበር። አሁን ማቃጠል የፈለገ ይምጣና ከእጄ ይውሰደው።»

የመጣ የለም። አያ ገነነ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ አባ ወልደ ገብርኤል ግን አንገታቸውን ደፍተው ወጥተው ካርቶኑን ራሳቸው ከመሬት አነሡትና ወደ ቤት አስገቡት። አያ ገነነም ሰውን ሳያዩ በሰው መሀል ወጡ። ማንም መንገድ አልለቀቀላቸውም፤ ራሳቸው እየገፉ ነው የወጡት።

ሰው ሊበተን ሲል እጅጉ አልሄደችም። በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን ታፍተለትላለች። መናገር አልፈለገችም፤ ቃሉ ሳታስበው ነው ያመለጣት።

«በቅሎዋስ… ተገኘች?» አለች።

ስመኘው አያት። ልጁ ስትጠራት እግሬን አላስገባም ያለችው ይህች ናት።

«አላውቅም» አላት። «አይናለምም ሳታውቅ ነው የሞተችው።»

እጅጉ እዚያው ደጁ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ስመኘው አላባበላትም። መጽሐፉንም አልከደነው፤ ሰው ሁሉ ወጥቶ እስኪያልቅ ጣቱን ከእርሳሱ ምልክት ሥር አላነሣም።